የሕርቃል ሳምንት እንቁላል

ነሐሴ 22

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የድሮው አልቆ ከፍራሼ ሥር ገብቷል። ሽፋኑ ላይ «ሒሳብ፣ 8ኛ ክፍል» የሚል ስላለበት ማንም አይነካውም። በዚህኛውም ላይ «ሒሳብ» ብዬ ጽፌአለሁ። በቤታችን ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የለም።

የምጽፈው ጳውሎስ አካባቢ፣ ከምሠራበት ከጋሽ ይገዙ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኜ ነው። መብራት ሲኖር እተይባለሁ፣ ሲጠፋ እጽፋለሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ከረዘመ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ትናንት የወንድሜን ሚስት ሮሐን አልትራሳውንድ አነሷት። እማዬ አብራት ገባች። ወንድሜ መሳይ የሆስፒታል ሽታ ስለማይችል ውጭ ቀረ። እማዬ ወደ ቤት ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ጭንቅላቱ ትንሽ ነው አለችን።»

«ማን?» አለ መሳይ።

«ዶክተሯ ነቻ! በካርዱ ሠላሳ ሳምንት ነው፣ መሣሪያው ግን ሃያ አምስት ይላል። አምስት ሳምንት ጎደለ።»

«የት ሄደ?» አለ መሳይ። ቀልዱን አልነበረም፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ደግሞ ቀኑን እርግጠኛ ናችሁ ወይ ትለኛለች። እኔን! ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርዮ ማርያም፣ እንጦጦ ቆሜ የተሳልኩበትን ቀን ልረሳ!»

ሮሐ ጥፍሯን ማየት ያዘች። እኔም ምንም አላልኩም። ምንም አለማለት የእኔ ሙያ ነው።

ነሐሴ 25

ስለ እንቁላሉ አልጽፍም ብዬ ነበር። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መሳይና ሮሐ ከተጋቡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ልጅ አልመጣም ነበር። እማዬ በየወሩ የሮሐን ሆድ በዓይኗ ትለካ ነበር። የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በሕርቃል፣ ሮሐ ወጥ ቤት ተደብቃ የተቀቀለ እንቁላል ስትበላ እማዬ በሩን ከፈተችው። እኔ ከእማዬ ኋላ ነበርኩ። የሮሐ ጉንጭ እንደ ጥሩምባ ነፊ ተነፍቶ ነበር። እማዬ አየር ሳበች። እማዬ እንዲያ አየር ስትስብ የሚከተለው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነው።

እኔ፣ ሰው ፊት ሦስት ቃል ደርድሬ የማላውቀው ልጅ፣ «ነፍሰ ጡር ናት» አልኩ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እማዬ የሳበችውን አየር በእልልታ አወጣችው። ወዲያው በጣቷ ቆጠረች። «አስተርዮ ማርያም! የተሳልኩ ዕለት! ሰምታኛለች!» ሮሐ እንዳትክድ አፏ ሙሉ ነበር። ውጣ እስክትጨርስ እማዬ ጎረቤት ደርሳለች።

ከዚያ ቀስ በቀስ ውሸቴ እውነት ሆነ። ሆዷ ወጣ። ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጣም እማዬ አጠገቧ ሆና ጥር 21 አስጻፈች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ። አሁን ግን ቅጣቱ የመጣ ይመስለኛል። የዋሸሁት እኔ፣ የሚቀነሰው ከሕፃኑ ጭንቅላት።

ነሐሴ 29

ሥራ በዝቷል። ምዝገባ ነው፣ ሁሉም ፎቶ ኮፒ ይፈልጋል። እማዬ ከእንጦጦ ጠበል አመጣች። ሮሐ እየጠጣች ነው። ዝናብ።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ልጆች በዝናቡ እየተጠመቁ ነው። የእኛም ጣሪያ ያፈሳል፤ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍነን ተቀምጠናል።

ጠዋት አንዲት ረጅም ልጅ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ሄርሜላ ትባላለች። «ዶክተር» ብላት «ተማሪ ነኝ፣ ደግሞ አንቺ በይኝ» አለችኝ። የምታጠናው አንዳንድ ሕፃናት ለምን ትንሽ ጭንቅላት ይዘው እንደሚወለዱ ነው። ከእናቶቹ ደም ከመውሰዷ በፊት ነገሩን በአማርኛ የሚያስረዳ ወረቀት ልትሰጣቸው ይገባል። «ትንሽ ጭንቅላት» ስትል ጣቴ ወረቀቷ ላይ ቀረ።

ወረቀቷ እንዲህ ይጀምራል፦ «የአንጎል ግንደ ሕዋሳት ሥርዓተ መባዛት በዘረመላዊ ቁጥጥር ሥር የሚከናወን ሲሆን...»

ሳላስበው ሳቅሁ። እማዬ ይህን ብታነብ ቄስ ትጠራ ነበር።

«ምነው?» አለችኝ ሄርሜላ። «እንዴት ልበለው ታዲያ?»

«መጀመሪያ ለእኔ ይግባኝ፣» አልኩ። ሦስት ቃል! ጋሽ ይገዙ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ሣለችልኝ። በፅንሱ አንጎል ውስጥ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ግንድ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ነርቭ አይደሉም፣ የነርቭ እናቶች ናቸው። መጀመሪያ ሥራቸው መብዛት ብቻ ነው። አንዷ ለሁለት ትከፈላለች፣ ሁለቱም እንደሷ እናት ይሆናሉ። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። ጊዜው ሲደርስ ትእዛዝ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አንዷ እናት ሆና ትቀራለች፣ ሌላዋ ነርቭ ትሆንና የእናቷን ረጅም ክር ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። የአንጎል ውጫዊ ሽፋን እንዲህ ይሠራል።

«ትእዛዙ ከየት ይመጣል?»

«ከዘረመል። ሁሉም ሕዋስ ያንኑ ዘረመል ይዟል። ግን አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል።» ቀና ብላ የጠፋውን አምፖላችንን አየች። «እዚህ ቤት ግን የሚበራውም የለም።»

አንዳንዱ ዘረመል ከተበላሸ ትእዛዙ ቀድሞ ይመጣል። እናቶቹ ሳይበዙ ነርቭ መሆን ይጀምራሉ፣ ክምችቱ ቶሎ ያልቃል፣ አንጎሉም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። የዘረመሎቹ ስም ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎበት እንደ መኪና ታርጋ ነው።

«ክር» የምትለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ። መሳይ ሸማኔ ነው፤ አባባ ከጨንቻ ሲመጣ ይዞት በመጣው ዕቃ ነው ሽሮሜዳ የሚሠራው። ድሩን ለመቁጠርና ለመወጠር ቀኑን ሙሉ ይለፋል፣ እኛ ግን «ዛሬ ምንም አልሠራህም» እያልን እናሾፍበታለን። ይህን ነገርኳት። «ድሩ ሳይሞላ ማጉን የጀመረ ሸማኔ ጠባብ ነጠላ ይሸምናል» አልኳት።

ሄርሜላ ስክሪብቶዋን አነሳች። ያልኩትን ሰው ሲጽፈው በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ማፈሬን ለመደበቅ ላስቲኩን አስተካከልኩ።

መስከረም 6

የሄርሜላን ወረቀት ተየብኩ። ድሩም ማጉም ገብቷል። ሁለተኛው ገጽ ለእናቶች የሚቀርብ መጠይቅ ነው። ጥያቄ ቁጥር አንድ፦ የመጨረሻ የወር አበባ ያዩበት ቀን። ስክሪኑን በእጄ ሸፍኜ ነው የተየብኳት። በደብተሬ ስጽፋት እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ደግነቱ አንዴ ከተየብኩ ማሽኑ ነው የሚያባዛት፤ ማሽን አያፍርም።

መስከረም 9

መሳይ ከትናንት ጀምሮ አንድ ጥለት ላይ ቆሟል። መወርወሪያውን ይዞ ይቀመጣል፣ አይወረውርም። አብረውት ከሚሸምኑት አንዱ «በዘር የሚመጣ ነገር ነው» ብሎታል።

«ሳምሪ፣ የእኔ ዘር ይሆን እንዴ?» አለኝ። «ጭንቅላቴ ትንሽ ነው?»

«ኮፍያህ ለጎረቤት ሁሉ ይሰፋል፣» አልኩት።

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ መወርወሪያውን አስቀመጠው።

ማታ ራት ላይ እማዬ ለማንም ሳይሆን ለወጡ እንዲህ አለች፦ «በሕርቃል እንቁላል ከተበላበት ቤት ምን ይጠበቃል?» ሮሐ ተነስታ ወጣች። እማዬም ወዲያው ተጸጽታ የሮሐን ድርሻ ሸፍና አስቀመጠችላት።

መስከረም 11

ለሄርሜላ «ለአንዲት ሰው ነው የምጠይቅሽ» አልኳት።

«እሺ፣ ያቺ ሰው ምን አለች?»

«ነፍሰ ጡር በጾም እንቁላል ብትበላ የልጁ ጭንቅላት ያንሳል?»

«እንቁላል ለአንጎል ጥሩ ነው።»

«ሌላ ሰው ብትዋሽስ?»

«ማን?»

«ያቺው ሌላ ሰው።»

ሄርሜላ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «ውሸት ዘረመል አይነካም፣» አለች። ሐሳቤ ግን አላረፈም። ያላጠናችው ነገር ሊኖር ይችላል።

መስከረም 20

ሁለተኛው አልትራሳውንድ። በካርዱ ሠላሳ አምስት፣ በመሣሪያው ሠላሳ።

መስከረም 21

መብራት የለም።

ዶክተሯ አሁንም ስለ ቀኑ ጠይቃለች። እማዬ አሁንም ተቆጥታለች። «ሰውነቱም ጭንቅላቱም እኩል ወደ ኋላ ነው፣ ቀኑ ልክ ከሆነ ማኅፀን ውስጥ እየተጎዳ ነው ማለት ነው» ብላለች ዶክተሯ። ጥቅምት 17 ሮሐ ትተኛለች፤ ምጥ በመድኃኒት ይጀመራል። እማዬ «ቀኑ ልክ ከሆነ» የሚለውን ስትናገር እንደ ስድብ አድርጋ ነው።

እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። በነሐሴ አምስት ጎደለ። አሁንም አምስት። አልበዛም፣ አልቀነሰም። ጋሽ ይገዙ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ነው እንጂ አይቆምም። ጋሽ ይገዙ ሰዓቱን በሚገባ ይወዱታል። «ይሄ ሰዓት ምንም አልሆነም፣ ሲጀመር ነው የተሳሳትኩት» ይላሉ።

ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም። ሕፃኑ ያሳዝነኛል።

ጥቅምት 2

ሮሐ እግሯ አብጧል። ልብሷን ለሆስፒታል አጠፍኩላት። እማዬ ትንሽዬ ኮፍያ ሠርታለች፣ ለሎሚ የምትሆን። አሳየችንና ራሷ አለቀሰች።

ጥቅምት 10

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፍ።

ሄርሜላ ወረቀቷን ከመጨረሻው ኮፒ በፊት ልታርም መጣች። የምናርመው አንዳችን ጮክ ብለን ስናነብ ሌላችን እየተከተልን ነው። መጀመሪያ እሷ አነበበች። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚለው ጋ ስትደርስ አስቆምኳት።

«ያኔ እናቶቹ ሕዋሳት ምን ይሠራሉ?»

«አብዛኞቹ ነርቭ ማውጣቱን ጨርሰዋል። አሁን አንጎሉ እየተጣጠፈ ነው፣ ሰፊ ጋቢ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲገባ እንደሚታጠፈው። ነርቮቹም እርስ በርስ እየተያያዙ ነው። ያለ ምክንያት ከእነዚህ ሳምንታት አንዷንም መስረቅ ጥሩ አይደለም።»

ከዚያ «ሁለተኛውን ገጽ አንቺ አንብቢ» አለችኝ።

ማንበብ ነበረብኝ። ጋሽ ይገዙ በር ላይ ናቸው። ድምፄን ቀንሼ «ጥያቄ ቁጥር አንድ፣ የመጨረሻ...» አልኩና ቆምኩ።

«አይዞሽ፣» አለች ሄርሜላ። «እናቶቹም ያፍራሉ። ግን አንደኛ ያደረግኳት አውቄ ነው። እሷ ከተሳሳተች ሌላው ሁሉ ይሳሳታል። ጤነኛውን ልጅ ትንሽ ነው እንላለን።»

ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ከጳውሎስ እስከ ሽሮሜዳ ታክሲ ውስጥ ማን አጠገቤ እንደተቀመጠ አላውቅም።

የድሮውን ደብተር ከፍራሹ ሥር አወጣሁት። እነሆ፦

«የካቲት 27። መድኃኔዓለም ስለሆነ እማዬ ቀጨኔ ሄዳለች። ሮሐ ኪሩ ሱቅ ሄደሽ ሞዴስ ግዢልኝ አለችኝ። ሱቁ ሰው እስኪወጣ ሦስት ጊዜ አለፍኩት። ኪሩ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤ በጋዜጣ የሚጠቀለል ሌላ ዕቃ ስለሌለ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ዳቦ የያዝኩ ለመምሰል ሞከርኩ። ሮሐ ስትቀበለኝ አልቅሳ ነበር።»

ከእንቁላሉ በኋላ ነው። በሳምንቱ። ከጥር 21 ደግሞ በአምስት ሳምንቱ።

ረስቼው አልነበረም። የማፍርበትን ነገር ዞሬ አላይም፣ ይኸው ነው። ስንት ሳምንት ቤቱ ሲያለቅስ፣ እኔ በጋዜጣ በተጠቀለለ ነገር አፍሬ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 11

ሮሐን ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝ።

«ጋዜጣውን አስታውሰዋለሁ፣» አለች።

«ሮሐ፣ ያኔ ነፍሰ ጡር አልነበርሽም።»

«የኔ ድሮም ቀን አይጠብቅም። ያን ጊዜም ቶሎ ቆመ። 'አንዳንዷ አርግዛም ታያለች' ሲሉ ሰማሁና ያቺን ቃል ያዝኳት። ሳምሪዬ፣ ሁለት ዓመት ጠብቄ እንዴት አላምን? እማዬም እግሬን እያጠበች...»

«ለዶክተሯ ንገሪያት።»

«እማዬ ፊት? ስለቷንስ?» እንባዋን በእርጥብ ሸሚዝ ጠረገች። «ደግሞ መጀመሪያ የዋሸሽው አንቺ ነሽ።»

«መጀመሪያ የበላሽው አንቺ ነሽ።»

ሳቅን። ከዚያ ሕፃኑ ረገጣት፣ እጄን ወስዳ አስቀመጠችው። ጠንካራ ነው። እነግራታለሁ ብላ ማለችልኝ።

ጥቅምት 16

ነገ ነው። ሻንጣው በር ላይ። መሳይ ጾሙን ነው የዋለው፣ ቀኑ ግን የፍስክ ነው። ሮሐ አልተናገረችም። «እዚያው ስደርስ» ትላለች።

ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምናልባት።

ጥቅምት 17

እኔም አብሬ ገባሁ። እማዬ መቁጠሪያዋን እያዞረች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሯ ካርዱን አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«እንግዲህ ከማስተኛቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅ። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?»

«ጥር ሃያ አንድ፣ ልጄ፣» አለች እማዬ። «አስተርዮ ማርያም።»

«እናቴ ይቅርታ፣ እሷን ነው የጠየቅሁት።»

ሮሐ አፏን ከፈተች። እማዬን አየች፣ መቁጠሪያውን አየች። አፏ ባዶ ነበር፣ ግን ልክ እንደ እንቁላሉ ቀን ሆነ።

«እንቁላል ነው፣» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። «ምን አልሽ?» አለች ዶክተሯ።

እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። እንቁላሉን፣ ውሸቴን፣ ኪሩ ሱቅን፣ ጋዜጣውን ሁሉ ተናገርኩ። ሞዴስ የሚለውን ቃል በሰው ፊት ሁለት ጊዜ አልኩት። ስንት ቃል እንደሆነ አልቆጠርኩም። መጨረሻ ላይ ድምፄ ሲያልቅ «ሒሳብ፣ 8ኛ ክፍል» የሚለውን ደብተር ዘረጋሁላት።

ዶክተሯ አነበበች። ጋዜጣው ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ሮሐ ዞራ «ልክ ነው?» አለች። ሮሐ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ እንባዋ እየወረደ። ዶክተሯ ስልኳ ላይ ቆጠረች፣ ሮሐን አስተኝታ ደግማ ለካች። እማዬ መቁጠሪያዋን ማዞር አቁማ ነበር።

«ከየካቲት 27 ሲቆጠር ዛሬ ሠላሳ ሦስት ሳምንት ከአራት ቀን ነው፣» አለች ዶክተሯ። «መሣሪያውም ያንኑ ይላል። ሦስቱም ልኬት አሁን ይገጥማል። ልጃችሁ ትንሽ አይደለም፤ እኛ ነን ያስረጀነው። ዛሬ አላስተኛሽም። በየሳምንቱ እየመጣሽ እናያለን።»

መሳይ ውጭ ሲሰማ ግድግዳ ይዞ ቁጭ አለ።

 ሽሮሜዳ ከታክሲ ስንወርድ እማዬ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ያን ዕለት እልል ያልኩት ለምን ነበር እንግዲህ?» አለች።  ከቁጣዋ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ጥቅምት 21

እማዬ ማለዳ እንጦጦ ማርያም ወጣች። ስትመለስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጠየቅኳት፣» አለችኝ።

«ምን አለችሽ?»

«ዝም አለች። እንዳንቺ።» ከዚያ ጉልበቴን በጣቷ መታ መታ አደረገችኝ። ትልቅ ነገር ነው።

ኅዳር 4

ልኬቱ እኩል ነው፤ በአዲሱ ቀን። ለሄርሜላ «ያቺ ሰው» እኛ እንደሆንን ነገርኳት። ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ «የጥናት ሰው አሳጣሽኝ» አለችና አቀፈችኝ። ጋሽ ይገዙ ሰዓታቸውን ሃያ ደቂቃ ወደ ፊት ገፉት። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ በር ላይ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 5

ሴት ናት! ከትናንት በስቲያ፣ ታኅሣሥ 3። ጭንቅላቷ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ። የእማዬ የሎሚ ኮፍያ አናቷ ላይ እንኳ አልቆም አለ። መሳይ በስንዝሩ ደግሞ ለካትና «ድሯ ሞልቷል» አለ።

ዕለቱ በአታ ለማርያም ነው። እማዬ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «አላልኳችሁም! የማርያም ናት! ቀኑን እኛ አሳሳትን እንጂ እሷ መች ረሳች!» እያለች እልል ስትል ዘበኛው ሊያስወጣት ነበር። ማንም አልተከራከራትም። ለነገሩ እኔስ ምን አውቃለሁ።

ዛሬ ወደ ቤት ገቡ። ጾመ ነቢያት ነው። እማዬ ራሷ እየጾመች አንድ እንቁላል ቀቅላ አመጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ላጪላት፣» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያወቅሽበት።»

ላጥኩት። ሮሐ ግማሹን በአንድ ጊዜ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ ጉንጯ እንደ ጥሩምባ ነፊ ተነፋ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። አየር ሳበች። 

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ነፍሰ ጡር ናት እንዳትዪኝ ብቻ፣» አለች።